በጨለማ ለሚነዳ ብስክሌት የሚሆን መብራትና የባትሪ ድንጋይ አመራረጥ

በኢትዮጵያ የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ የሚለያየው በጥቂቱ ብቻ ነው። ፀሐይ ጧት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ማታም 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ድንግዝግዙ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ምድጃ የሚያነድ ዳቦ ጋጋሪ፥ ማታ 2 ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነጋዴ፥ የሌሊት ተራውን ሊረከብ የሚሄድ ዘበኛ፥ ብስክሌት የሚነዱ የሆነ እንደ ሆነ፥ በጨለማ መጓዛቸው የአንድ ወራት ነገር ሳይሆን የዘወትር ግዴታ ነው። በለንደን ከተማ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፥ በዚያ የብስክሌት መብራት በይበልጥ የሚፈለገው በክረምታቸው ነው። በዚህ አገር ግን ገበያው ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ነው።

ገበያው እየሰፋ እንዲሄድ የሚያደርጉ ምክንያቶችም አሉ። እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ያሉት ሜዳማ ከተሞች ከብስክሌት ጋር ከተዋወቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተከናወነው የኮሪደር ልማት ሥራ የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። መንገዱ በተዘረጋ መጠን ብስክሌቱ ይበዛል፤ ብስክሌቱም በበዛ መጠን መብራት የሚጠይቅ ደንበኛ ይበዛል። ይሁን እንጂ መብራት እንደ ኮርቻ ልብስ ወይም እንደ ደወል ያለ ጌጥ አይደለም። መልካሙ መብራት ሰው ያድናል፤ ከሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሐሰት የሆነው መብራት ግን በመንገድ መካከል ጠፍቶ ገዢውን ለአደጋ፥ ሻጩንም ለስም መጥፋት ይዳርጋል። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጣና የሚሸጥ ሁሉ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

ለማየትና ለመታየት

የብስክሌት መብራት ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች አሉት። አንደኛው ነጂው መንገዱን እንዲያይበት ነው፤ ሁለተኛው ሌሎች ነጂውን እንዲያዩት ነው። የመንገድ መብራት ባለበት ሰፊ ጎዳና ለሚነዳ ሰው ዋናው ነገር መታየት ስለ ሆነ፥ አነስተኛ መብራት ይበቃዋል። ከከተማ ወጣ ብሎ በጨለማ መንገድ ለሚሄድ ግን ጉድጓዱን፥ ድንጋዩንና በመንገድ ላይ የተኛውን እንስሳ በጊዜ የሚያሳየው ብርሃን ያስፈልገዋል።

«በጊዜ» የሚለው ቃል በቁጥር ሊተመን ይችላል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰኮንድ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። እንቅፋቱን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰኮንድ ተኩል ቢወስድበት 8 ሜትር ያህል ያልፋል፤ ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆመውም ቢያንስ 5 ሜትር ይጨመራል፤ ድምሩ ከ13 ሜትር በላይ ነው። በቁልቁለት ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ግን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ 24 ሜትር ይጠጋል። መንገዱ እርጥብ ወይም ኮረኮንች ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። እንግዲህ መብራቱ 10 ሜትር ብቻ አጥርቶ የሚያሳይ ከሆነ፥ ነጂው ጉድጓዱን የሚያየው ሊያመልጠው በማይችልበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ሉመንና ሉክስ

በመብራት ሳጥን ላይ በይበልጥ በጉልህ የሚጻፈው የሉመን ቁጥር ነው። ሉመን ማለት መብራቱ ወደ ማንኛውም አቅጣጫ የሚረጨው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው። ሉክስ ማለት ግን በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት ላይ በእውነት የሚያርፈው ብርሃን ነው። የሁለቱ ልዩነት በአንድ ገንቦ ውኃና በአትክልት መደብ ላይ በደረሰው ውኃ መካከል እንዳለው ልዩነት ነው፤ ገንቦው ሙሉ ቢሆንም በመንገድ ከፈሰሰ መደቡ ይደርቃል። ብርሃኑን በክብ የሚረጭ መብራት ብዙውን ክፍል ወደ ዛፍና ወደ ሰማይ ይበትናል፤ የቀረውም በፊት ለፊት የሚመጣውን እግረኛና ነጂ ዓይን ያጭበረብራል። እንደ መኪና መብራት ከላይ በቀጥታ መስመር የተቆረጠ ብርሃን የሚሰጠው ግን በአነስተኛ ሉመን መንገዱን በሙሉ ያበራል።

በዚህ ረገድ የጀርመን አገር ደንብ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ደንብ መሠረት የፊት መብራት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 10 ሉክስ ብርሃን እንዲያሳርፍና የሌላውን ዓይን እንዳያጭበረብር ግዴታ አለበት። ደንቡን ያሟላ መብራት ማዕበል በሚመስል መስመርና «ኬ» በተባለችው የላቲን ፊደል፥ ከቁጥር ጋር፥ ምልክት ይደረግበታል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፥ በ10 ሜትር 10 ሉክስ የነበረው በ20 ሜትር 2 ሉክስ ተኩል ብቻ ይሆናል፤ ቢሆንም የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከ1 ሉክስ በታች መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ እንደ ትንሽ የሚቈጠር አይደለም። ከዚህ በቀር የብስክሌት መብራትንና አንጸባራቂን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የአይ ኤስ ኦ ደረጃ ቁጥር 6742 ነው፤ አስመጪው ይህን ቁጥር ከአምራቹ ቢጠይቅ ለውሉ ጠንካራ መሠረት ያገኛል።

የኋላ መብራትና አንጸባራቂ

የፊት መብራት ነጭ፥ የኋላው ቀይ መሆን አለበት፤ ቀለሙ ቢለዋወጥ ሌላው ነጂ ብስክሌቱ እየመጣ ወይም እየሄደ መሆኑን ማወቅ ያቅተዋል። ስለ ብልጭ ድርግም ባይ መብራት አገሮች የተለያየ ደንብ አላቸው፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፈቅዳለች፤ ጀርመን ግን በብስክሌት ላይ የሚተከለው መብራት ሳያቋርጥ እንዲበራ ታዛለች። ብልጭታ ዓይንን ቶሎ ይስባል፤ ነገር ግን ከኋላ የሚመጣው የመኪና ነጂ ርቀቱን ለመገመት የሚቀልለው ሳያቋርጥ በሚበራው ነው። ስለዚህ በጨለማ መንገድ ሳያቋርጥ የሚበራው ይመረጣል።

አንጸባራቂ ባትሪ አይፈልግም፤ አይበላሽም፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው። በይበልጥም በፔዳል ላይ የሚገጠመው ከእግር ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል፥ የመኪና ነጂ ከሩቅ ብስክሌት መሆኑን ይለያል። ነገር ግን አንጸባራቂ የሚሠራው የሌላ ሰው መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው፤ በጭቃ ከተሸፈነም ዋጋ የለውም። ስለዚህ የመብራት ረዳት እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ስለ ባትሪ ድንጋይ ዓይነቶች

በገበያ ቋንቋ «ባትሪ» የሚባለው መብራቱም ድንጋዩም ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች የኃይሉ ምንጭ «ድንጋይ» እየተባለ ይጠቀሳል። በሱቅ የሚገኙት ዋና ዋና ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ርካሹ የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ነው። ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ይስማማል፤ ለብርቱ መብራት ግን ቶሎ ይደክማል፤ ሲያረጅም ፈሳሽ እያወጣ የመብራቱን ውስጥ ይበላል። ሁለተኛው የአልካላይን ድንጋይ ነው፤ ከፊተኛው በጣም ይበልጣል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ካለቀ ይጣላል። ሦስተኛው እንደገና የሚሞላው የኒኬል ድንጋይ ነው። ኃይሉ 1.2 ቮልት ሲሆን፥ በተለመደው መጠን ከ2000 እስከ 2500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ በመቶ የሚቈጠር ጊዜም ይሞላል። ቀድሞ ሳይሠራበት ሲቀመጥ ኃይሉ በራሱ ያልቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ግን ለወራት ኃይሉን የሚጠብቅ ዓይነት ወጥቷል። አራተኛው የሊቲየም አዮን ድንጋይ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1991 ለንግድ የቀረበ ሲሆን፥ ለፈጠራው ዋና ድርሻ የነበራቸው ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በክብደቱ ልክ ብዙ ኃይል ስለሚይዝ ዛሬ አብዛኞቹ ብርቱ የብስክሌት መብራቶች የሚሠሩት በእርሱ ነው። አምስተኛው እንደ ሳንቲም ያለው ትንሽ ድንጋይ ነው፤ የሚያገለግለው ለመታየት ብቻ በሚሆኑት ጥቃቅን መብራቶች ነው። ይህን ሕፃናት ቢውጡት ጉሮሮን እስከ መብሳት የሚደርስ ጉዳት ስለሚያመጣ፥ የድንጋዩ መክፈቻ በብሎን የሚታሰረውን መምረጥ ይገባል።

በአጠባበቃቸውም ልዩነት አለ። የአልካላይንና የዚንክ ድንጋይ እየደከመ ሲሄድ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ስለሚፈዝ ነጂውን ያስጠነቅቀዋል። ብዙዎቹ የሊቲየም መብራቶች ግን እስከ መጨረሻው ያህል በሙሉ ኃይል ከሠሩ በኋላ በድንገት ይጠፋሉ። ስለዚህ የቀረውን ኃይል የሚያሳይ ምልክት የሌለውን የሊቲየም መብራት መሸጥም መግዛትም አይመከርም።

የወጪው ሒሳብ

አንድ ሠራተኛ በየቀኑ አንድ ሰዓት በጨለማ ይነዳል እንበል። መብራቱ 1 ዋት የሚበላና በሁለት ድንጋይ የሚሠራ ቢሆን፥ አንድ ጥንድ የአልካላይን ድንጋይ 4 ሰዓት ያህል ያገለግለዋል። በዚህ አኳኋን በዓመት 90 ያህል ጥንድ ድንጋይ ገዝቶ ይጥላል ማለት ነው። በኒኬል ድንጋይ ቢጠቀም ግን ሁለት ጥንድ፥ ማለትም አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚሞላ፥ ከአንድ መሙያ ጋር ቢይዝ ከዓመት በላይ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ወጪ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ ሱቁ የአንድ ጥንድ አልካላይን ዋጋ በ90 አባዝቶ ለደንበኛው ቢያሳየው፥ ክርክሩ ወዲያው ያልቃል።

መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ለሚኖር ደንበኛ ሌላም ሐሳብ አለ። ድንጋዩ ከውስጥ ተዘግቶ የተሠራ መብራት ያልተሞላ እንደ ሆነ ነጂው በዚያ ምሽት ያለ ብርሃን ይቀራል፤ ድንጋዩ የሚወጣና የሚለወጥ ከሆነ ግን ከማንኛውም ሱቅ ገዝቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ሐሰተኛውን ጽሑፍ በቁጥር መለየት

በዚህ ንግድ ታላቁ በደል በሳጥንና በድንጋይ ላይ የሚጻፈው ሐሰት ነው። ይህንንም ያለ መሣሪያ፥ በቀላል ሒሳብ መለየት ይቻላል። በብዛት የሚታየው የሊቲየም ድንጋይ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው፥ ቁጥሩም 18650 የሚባለው ነው። ከዚህ ዓይነት የተሻለ የሚባለው ከ3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም ሳይበልጥ ይይዛል። በገበያ ግን 9900 ተብሎ የተጻፈበት ይገኛል፤ በዚህ መጠን ድንጋይ ይህን ያህል ሊይዝ አይችልም። ሚዛንም ይመሰክራል፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቀላል።

የብርሃኑንም መጠን እንዲሁ መመርመር ይቻላል። መልካም የኤል ኢ ዲ አምፑል በ1 ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ያህል ይሰጣል። ከላይ የተጠቀሰው መልካም ድንጋይ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 13 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። እንግዲህ በአንድ ድንጋይ የሚሠራ መብራት «1000 ሉመን፥ 8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈበት ቢሆን፥ 1000 ሉመን ለማውጣት ከ7 እስከ 10 ዋት ይፈልጋል፤ ይህ በ8 ሰዓት ሲባዛ ከ56 እስከ 80 ዋት ሰዓት ይሆናል። 13 ብቻ ከያዘ ዕቃ 56 አይወጣም። እንዲህ ያለው መብራት በሙሉ ብርሃኑ ሁለት ሰዓት እንኳ መቆየቱ ያጠራጥራል።

ሆኖም የተጻፈው ሰዓት ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የእጅ ባትሪ መለኪያ ደረጃ የሥራውን ጊዜ የሚቈጥረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ በታማኝ አምራች የተጻፈ ሰዓት እንኳ የፈዘዘውን ጊዜ ሊጨምር ይችላል፤ አስመጪው «በሙሉ ብርሃን ስንት ሰዓት?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ዲናሞ

በብስክሌቱ ጎማ ላይ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዲናሞ በአሮጌ ብስክሌቶች ላይ የታወቀ ነው። የጥንቱ ዲናሞ ጎማውን ስለሚፈትግ ያደክማል፤ በዝናብም ይንሸራተታል። በጎማው እምብርት ውስጥ የሚገጠመው ግን ይህ ጉድለት የለበትም፤ የዚህ ዓይነቱ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ተሽጧል። የተለመደው ዲናሞ 6 ቮልትና 3 ዋት ይሰጣል። ይህ ለቀድሞው ባለ ክር አምፑል ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን በኤል ኢ ዲ አምፑል መንገዱን በሚገባ ያበራል። ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱ እንዳይጠፋም ለጥቂት ደቂቃዎች ኃይል የሚያስቀር መሣሪያ ያለበት ዓይነት አለ። በየሌሊቱ ረጅም መንገድ ለሚሄድና ኤሌክትሪክ ባልገባበት ቦታ ለሚኖር ሰው፥ ዋጋው ቢወደድም፥ ሳይሞላና ሳይለወጥ ለዓመታት የሚያገለግለው ይህ ነው።

ውኃ፥ መጓጓዣና መጋዘን

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ላለበት አገር መብራቱ ውኃ መቋቋሙ ሊረጋገጥ ይገባል። በዓለም አቀፍ ምልክት መጨረሻው ቁጥር 4 የሆነው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይችላል፤ 7 የሆነው በ1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየት ይችላል። ለመደበኛ አገልግሎት 4 ይበቃል፤ ጎርፍ በሚበዛበት ከፍ ያለው ይመረጣል።

የሊቲየም ድንጋይ የሚያስመጣ ነጋዴ የማጓጓዣውን ደንብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ብቻቸውን የሚላኩ የሊቲየም አዮን ድንጋዮች በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄዱ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላንም ሲላኩ ኃይላቸው ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ተወስኗል። እያንዳንዱም ዓይነት በተባበሩት መንግሥታት መመሪያ ቁጥር 38.3 የታዘዘውን ፈተና ማለፉ በማስረጃ መታየት አለበት። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። በጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. በለንደን ሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ ባዶውን ቆሞ በነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ላይ እሳት ተነሥቶ ነበር። መርማሪዎቹ የእሳቱን መነሻ ያገኙት በአደጋ ጊዜ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በሚጠቁም ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ነው፤ በመሣሪያው የሊቲየም ድንጋይ አጠገብ ያሉት ሽቦዎች ተቆንጥጠው ነበር። ድንጋዩ እንደገና የማይሞላው ዓይነት ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው፤ እጅግ ትንሽ ስሕተት ታላቅ ንብረት ሊያጠፋ ይችላል።

በመጋዘንም ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል። ድንጋዮቹ ፀሐይ በማይመታው፥ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ በሆነ ቦታ፥ በከፊል ተሞልተው ይቀመጡ። ያበጠ፥ የተጨፈለቀ ወይም ልባሱ የተላጠ ድንጋይ ከሌላው ተለይቶ ይውጣ፤ አይሸጥም። ሲሞሉም በሲሚንቶ ወለል ላይ፥ ከጨርቅና ከካርቶን ርቀው ይሁኑ።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

አስመጪው ብዙ ሳጥን ከማዘዙ በፊት ሁለት ሦስት ናሙና አስልኮ በአንድ ምሽት ሊፈትናቸው ይችላል። ድንጋዩን ሞልቶ መብራቱን በሙሉ ኃይሉ ያብራ፤ ሰዓቱንም ይመዝግብ። መብራቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የብርሃኑን ቅርጽ ይመልከት፤ ከላይ የተቆረጠ ነውን ወይስ ክብ ሆኖ የተበተነ? ድንጋዩን በሚዛን ይመዝን። በመሪው ላይ አስሮ በኮረኮንች መንገድ ያስነዳው፤ ማሰሪያው የሚዞር ወይም የሚሰበር ከሆነ ብርሃኑ ምንም ቢያምር ዕቃው አይረባም። በመጨረሻም ውኃ ረጭቶበት በማግሥቱ ውስጡን ከፍቶ እርጥበት እንዳለ ይይ። ከአንድ ሳጥን ከተወሰዱት ሦስት መብራቶች አንዱ ፈተናውን ካላለፈ፥ የቀሩትን መቀበል የሻጩን ኪሳራ በራስ ላይ ማዞር ነው።

ባለ ሱቁም በበኩሉ ለደንበኛው ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ ይበቃዋል፤ በየቀኑ ስንት ሰዓት በጨለማ ይነዳሉ? መንገዱ መብራት ያለበት ነው ወይስ የሌለው? በቤትዎ ኤሌክትሪክ በየቀኑ ይገኛልን? ከመልሱ ተነሥቶ ተገቢውን ዕቃ መምረጥ ቀላል ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ለሚነሣው ዳቦ ጋጋሪ በሳጥኑ ላይ ከሚያብረቀርቀው ታላቅ ቁጥር ይልቅ፥ ከምድጃው እስኪደርስ ሳይጠፋ የሚያደርሰው መብራት ይሻለዋል። እንዲህ ያለውን የሸጠለት ነጋዴም ይኸው ደንበኛ ጎማ፥ ካቴናና ፍሬን በፈለገ ጊዜ ወደ ሱቁ ተመልሶ ያገኘዋል።